በ50 ዓመቱ ቀኝ መስመር ላይ፦ የስታንሊ ማቲውስ ነገር

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «እድሜዬ 43 ነው። ቅዳሜና እሁድ ከጤና ቡድናችን ጋር ኳስ እጫወታለሁ። ቦታዬ ቀኝ መስመር ነው። ሰሞኑን ልጆቹ ‹አርጅተሃል፣ ወደ ኋላ ሂድ› እያሉኝ ነው። እኔም ስታንሊ ማቲውስ የሚባል እንግሊዛዊ የክንፍ ተጫዋች እስከ 50 ዓመቱ እንደተጫወተ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። ነገሩ እውነት ነው ወይስ ተረት? እውነት ከሆነስ ምስጢሩ ሰኞ ሰኞ መጾሙ ነው የሚባለው ልክ ነው? እኔስ ቦታዬን ልልቀቅ?»

ወንድሜ፣ ተወራርደህ ከሆነ ብሩን ተቀበል። እውነት ነው። ስታንሊ ማቲውስ የተወለደው ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1915 ነው። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1965 ስቶክ ሲቲ ፉልሃምን 3 ለ 1 ሲያሸንፍ በመስመሩ ላይ ነበር። ቁጠረው፤ 50 ዓመት ከ5 ቀን። ያውም በአንደኛ ዲቪዚዮን። ያኔ ከሱ በላይ ሊግ አልነበረም፤ ዛሬ ፕሪሚየር ሊግ የምንለው ደረጃ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።)

ግን ጓደኞችህ ሲያፋጥጡህ እንዳታፍር ከነእንከኑ ልንገርህ። በዚያ የመጨረሻ ዓመት ብዙ አልተጫወተም። ጉዳት ነበረበት። የፉልሃሙ ጨዋታ ግማሹ ስንብት ነው ማለት ይቻላል። ሰውየው ሊጉን በ50 ዓመቱ እያተራመሰ ነበር ብለህ ከነገርካቸው አጋነሃል። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ 50 የሚለው ቁጥር አይደለም። በ38፣ በ41 እና በ48 ዓመቱ የሠራው ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ከየት እንደመጣ። ሃንሊ የምትባለው ከተማ በሸክላ ሥራ የታወቀችው የስቶክ አካባቢ አካል ናት። አባቱ ጃክ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ በዚያ ላይ ቦክሰኛ። የሃንሊው ቦክሰኛ ፀጉር ቆራጭ ይሉት ነበር። ልጆቹን በጠዋት ቀስቅሶ፣ መስኮት ከፍቶ፣ በብርዱ ስፖርት ያሠራቸዋል። ስታንሊ ይህን ልማድ ዕድሜ ልኩን አልተወም። በልጅነቱ ስቶክ ሲቲ ቢሮ ውስጥ ተላላኪ ሆኖ ገባ፤ 17 ዓመት በሞላበት ቀን የፕሮፌሽናል ውል ፈረመ። በማርች 1932 ለመጀመሪያ ጊዜ በሊግ ተሰለፈ። ከ1932 እስከ 1965፦ 33 ዓመት። አንተ ከተወለድክ እንኳ ገና 43 ዓመትህ ነው።

ወጣት ሳለ ጎል አግቢ ነበር። በ1934 ለእንግሊዝ ሲጀምር ዌልስ ላይ አገባ። በ1937 ቼኮዝሎቫኪያ ላይ ሃትሪክ ሠራ፣ በአንድ ጨዋታ ሦስት ጎል ማለት ነው፤ እንግሊዝ 5 ለ 4 አሸነፈች። በ1938 ከስቶክ ልሂድ ሲል ከተማው ተነሳ። «ማቲውስ መሄድ የለበትም» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው አዳራሽ ሞልቶ ስብሰባ ተቀመጠ። ለአንድ የመስመር ተጫዋች! እሱም ቀረ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሊጉ ሲቋረጥ 24 ዓመቱ ነበር፤ ሲመለስ 31 አልፎታል። የአንድ ተጫዋች ምርጥ ዘመን የሚባለው ሙሉ በሙሉ በዚህ መሀል ወደቀ። አንዳንዶች «ጦርነቱ እግሩን አሳረፈለት፣ ለዚህ ነው የቆየው» ይላሉ። እኔ አይዋጥልኝም። በአየር ኃይል ውስጥ ሆኖም በጦርነት ጊዜ የሚደረጉ ጨዋታዎችን ያለማቋረጥ ይጫወት ነበር፤ አላረፈም። ጦርነቱ የበላበት ይፋዊ ቁጥሩን ነው። በ23 ዓመት ውስጥ ለእንግሊዝ የተመዘገበለት 54 ጨዋታ ብቻ ነው። ሌላው ምክንያት ደግሞ ያኔ ብሔራዊ ቡድኑን የሚመርጠው ኮሚቴ መሆኑ ነው። ኮሚቴ ደግሞ ታውቀዋለህ። በ1950 የዓለም ዋንጫ እንግሊዝ በአሜሪካ 1 ለ 0 ስትሸነፍ ማቲውስ ቁጭ ብሎ ይመለከት ነበር።

በ1947 ብላክፑል በ11,500 ፓውንድ ገዛው። 32 ዓመቱ ነው። አሰልጣኙ ጆ ስሚዝ «ሁለት ዓመት ትጫወታለህ?» ብሎ ጠይቆታል ይባላል። 14 ዓመት ቆየ።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልብ እንግባ። ምስጢሩ ምንድን ነው?

እኔ በአካል ብቃት ሥልጠና ነው እንጀራዬን የምበላው። ስለዚህ የማቲውስን አጨዋወት ስመለከት መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው ወደ እግሩ ነው። የሱ አብዶ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ኳሱን ይዞ ቀስ ብሎ፣ አንዳንዴ በእርምጃ፣ ወደ ተከላካዩ ይሄዳል። ተከላካዩ ፊት ሲደርስ ትከሻውንና ወገቡን ወደ ግራ ያጋድላል። ተከላካዩ ክብደቱን ወደዚያ ያዞራል። በዚያች ቅጽበት ማቲውስ ኳሱን በቀኝ እግሩ ውጫዊ ጎን ገፍቶ በመስመሩ በኩል ያልፋል። አለቀ። የሚገርመው ሁሉም ያውቀዋል። ተከላካዮቹ ቅዳሜ ምን እንደሚያደርግባቸው ከሰኞ ጀምሮ ያውቃሉ። ግን ያልፋቸዋል።

ለምን? ሩጫው የመቶ ሜትር ሩጫ ስላልሆነ። የሱ ሩጫ ሦስት አራት ሜትር ናት። ቆሞ መነሳት። ይህን ልዩነት ያዝልኝ፤ የመልሴ ዋናው ነገር ይህ ነው። እድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚሄደው ከፍተኛ ፍጥነት ነው። ፈጣን የሚባሉት የጡንቻ ክሮች ይሳሳሉ፤ ረጅም ሩጫ ላይ ልጆቹ ጥለውህ ይሄዳሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት እርምጃዎች ግን ከጡንቻው ሌላ በሁለት ነገሮች ላይ ይቆማሉ። አንደኛው የሰውነትህ ክብደት ነው፤ ቀላል ሰው ቶሎ ይነሳል። ሁለተኛው ማን ቀድሞ እንደተነሳ ነው። ተከላካዩ ክብደቱን በተሳሳተ እግር ላይ ጥሎ ሳለ አንተ ከተነሳህ፣ ከሱ ፈጣን መሆን አያስፈልግህም። ቀድመሃል። ማቲውስ በ40ዎቹ የሚያልፋቸውን የ25 ዓመት ልጆች በሩጫ ውድድር ላይ አያሸንፋቸውም ነበር። ውድድር ውስጥ አላስገባቸውም እንጂ።

እሱም ይህን ያውቅ ነበር። ልምምዱ የተሠራው ለዚህች ነገር ነው። ብላክፑል የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ በየጠዋቱ አሸዋው ላይ ወጥቶ ይሠራ ነበር። ጫማውን እንኳ ለዚህ ነው የቀየረው። የዚያን ዘመን ታኬታ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ጭቃ ሲጠጣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ ነበር። በ1950 ብራዚል ሲሄድ የደቡብ አሜሪካኖቹን ቀላል ጫማ አየ። አገሩ ተመልሶ እንደዚያ ያለ ቀጭን ታኬታ በልኩ አሠራ። ጥቂት ጨዋታ ብቻ ነው የሚቆየው፤ ያልቃል። ግን ከእግሩ ላይ ክብደት ቀነሰለት። ለሦስት ሜትር ሩጫ ክብደት ሁሉም ነገር ነው።

ምግቡንም በዚሁ ዓይን እየው። አልኮል አይጠጣም። ሲጋራ አያጨስም። (አንድ የሲጋራ ኩባንያ ግን ከፍሎት ፎቶው በማስታወቂያ ላይ ወጥቷል። ያኔ ተጫዋች ምን ያህል ያገኝ እንደነበር ካየህ ብዙ አትፈርድበትም። እስከ 1961 መጀመሪያ ድረስ የደመወዝ ጣሪያ ነበር፤ መጨረሻ ላይ እንኳ በሳምንት ከ20 ፓውንድ በላይ መክፈል ክልክል ነበር።) ስጋ ላይ ብዙም አልነበረም፤ ሰላጣና የካሮት ጭማቂ ይወዳል። አዎ፣ ሰኞ ሰኞ አይበላም።

እና ጾሙ ነው ምስጢሩ? ተው እባክህ። ጾም ብቻውን የሚያስሮጥ ቢሆን ኖሮ ረቡዕና ዓርብ የምንጾም ሰዎች ግማሻችን በ50 ዓመታችን ክንፍ ላይ በሆንን። ሰኞ የሚለውን ግን አስተውል። ጨዋታው ቅዳሜ ነው። ሰኞ ከሚቀጥለው ጨዋታ ሩቅ የሆነ ቀን ነው። ባዶ ሆዱን የሚሆነው ጉልበት በማይፈልግበት ቀን ነው፤ ለሐሙስና ለዓርብ እስኪደርስ ሰውነቱ ሞልቷል። ክብደቱንም በዚያው ይቆጣጠራል። የሰውየው ብልሃት ያለው ቀን አመራረጡ ላይ ነው። አንተ እሁድ ጠዋት የምትጫወት ከሆነ ዓርብና ቅዳሜ ሆድህን አጉድለህ ማቲውስ ሆንኩ እንዳትል።

ደግሞ ዘመኑም ረድቶታል። ይህን ሳልነግርህ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ያኔ የክንፍ ተጫዋች ሥራው መስመሩን ይዞ ኳስ መጠበቅ ነበር። ተመልሶ አይከላከልም። የተጋጣሚን ተከላካይ ተከትሎ ስልሳ ሜትር ወደ ኋላ አይሮጥም። ኳስ ሲጠፋ ይቆማል፤ ሲገኝ ይሰጡታል። ፊት ለፊቱ ያለውም ብዙ ጊዜ አንድ ተከላካይ ብቻ ነው። የዛሬ የመስመር አጥቂ በአንድ ጨዋታ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል፤ ኳስ ሲነካ ሁለት ሰው ይመጣበታል። ማቲውስን ዛሬ በ45 ዓመቱ አምጥተህ ብታሰልፈው አሰልጣኙ በ30ኛው ደቂቃ ያስወጣዋል። በሌላ በኩል ደግሞ የዛሬዎቹን በዚያ ጭቃ ላይ፣ በዚያ ከባድ ቆዳ ኳስ፣ ዳኛው ብዙውን እርግጫ ዝም በሚልበት ሜዳ አስገባቸው። ቅያሪ የለም። ተጎዳህ፣ እያነከስክ ትጨርሳለህ። ማቲውስ በዚያ ሁሉ እርግጫ መሀል አንድም ቀን ስሙ በዳኛ ደብተር አልገባም ይባላል። ካርድ ገና አልተፈጠረም፤ የመጣው በ1970 ነው። አይመልስም ነበር። ተነስቶ እንደገና ወደዚያው ተከላካይ ይሄዳል። ለአንድ ተከላካይ ከዚህ የባሰ ቅጣት ያለ አይመስለኝም።

እነዚያን ሦስት ዓመቶች አልረሳኋቸውም።

በ38 ዓመቱ። ሜይ 2 ቀን 1953፣ የኤፍ ኤ ካፕ (የእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ) ፍጻሜ፣ ዌምብሌይ። አባቱ በ1945 ሲሞት የዋንጫውን ሜዳሊያ እንዲያመጣ አደራ ብሎት ነበር። በ1948 ብላክፑል ደርሶ በማንቸስተር ዩናይትድ 4 ለ 2 ተሸነፈ። በ1951 በኒውካስል 2 ለ 0። ይሄ ሦስተኛው ነው፤ አራተኛ ይመጣል ብሎ የሚያስብ የለም። ቦልተን 3 ለ 1 መራ። ከዚያ ብላክፑሎች ኳሱን ሁሉ ወደ ቀኝ መስመር መስጠት ጀመሩ። የቦልተን የግራ መስመር ደግሞ ደክሟል፦ ተከላካዩ ራልፍ ባንክስ እግሩ ተጨማዷል፣ በዚያው በኩል መሸፈን የነበረበት ኤሪክ ቤል ከጨዋታው መጀመሪያ ጀምሮ ተጎድቶ እያነከሰ ነው። ቅያሪ የለማ። ማቲውስ እየደጋገመ አለፈ። ስታን ሞርተንሰን ሁለት አከለና ሃትሪክ ሠራ፤ 3 ለ 3። በባከነው ሰዓት ማቲውስ ቀኝ መስመሩን ይዞ ገባ፣ ኳሷን ወደ ኋላ አሳለፈ፣ በደቡብ አፍሪካ የተወለደው ቢል ፔሪ አገባት። 4 ለ 3።

ሕዝቡ ጨዋታውን «የማቲውስ ፍጻሜ» አለው። እሱ ራሱ በዚህ ስም ደስተኛ አልነበረም፤ ሦስት ጎል ያገባው ሞርተንሰን ነው እያለ ይከራከር ነበር። ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዌምብሌይ ፍጻሜ ሃትሪክ ሠርተህ ጨዋታው በሌላ ሰው ስም ሲጠራ መስማት ያማል። ነገር ግን ለአንተ ጥያቄ የሚጠቅመው ሌላው ነገር ነው፦ በመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች የ38 ዓመቱ ሰው ትኩስ ነበር፤ የደከሙት ወጣቶቹ ናቸው። ከዚያ በፊት ብዙውን ጊዜ ቆሞ ስለጠበቀ።

በ41 ዓመቱ። ሜይ 1956፣ እንግሊዝ ብራዚልን በዌምብሌይ 4 ለ 2 አሸነፈች። የብራዚሉ የግራ ተከላካይ ኒልተን ሳንቶስ ነበር፤ በታሪክ ከታዩት የግራ ተከላካዮች ምርጡ ነው የሚሉት ብዙ ናቸው። ማቲውስ አስቸገረው። በዚያው ዓመት ባሎን ዶር የሚባለው የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ። 47 ነጥብ ለማቲውስ፣ 44 ለዲ ስቴፋኖ። ዲ ስቴፋኖ ያኔ ከሪያል ማድሪድ ጋር የአውሮፓን ዋንጫ አንስቷል። በሐቅ ካየነው ሽልማቱ ለዚያ ዓመት ብቻ አልተሰጠም፤ ለሰውየው ዘመን ሁሉ የተሰጠ ክብር አለበት። በዚያ ላይ ጎል አያገባም ነበር። በብላክፑል ከ400 በላይ ጨዋታ ተጫውቶ ጎሎቹ 20 አይሞሉም። ዛሬ ቢሆን በቁጥር የሚከራከሩ ልጆች ያብጠለጥሉታል። በሚቀጥለው ዓመት ዴንማርክ ላይ ለእንግሊዝ የመጨረሻ ጨዋታውን አደረገ፤ 42 ዓመቱ ነበር።

በ48 ዓመቱ። ይሄ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። በ1961 ስቶክ ሲቲ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ተዘፍቆ ነበር። አሰልጣኙ ቶኒ ዋዲንግተን የ46 ዓመቱን ሰው በጥቂት ሺህ ፓውንድ መልሶ ገዛው። ሰው ሳቀ። ከዚያ በፊት በሜዳው የተገኘው ተመልካች 8 ሺህ ገደማ ነበር፤ ማቲውስ የተመለሰበትን ጨዋታ ወደ 36 ሺህ ሰው አየው። በዚያች አንድ ቀን ዋጋውን መለሰ። በ1963 ስቶክ ሁለተኛ ዲቪዚዮንን በአንደኝነት ጨርሶ ወጣ። ማቲውስ ዓመቱን ሙሉ ያገባው አንድ ጎል ብቻ ነው፤ እሱንም ሉተን ላይ፣ ማደጉ በተረጋገጠበት ጨዋታ። የጋዜጠኞቹን የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማትም ወሰደ። ይህ ሽልማት በ1948 ሲጀመር የመጀመሪያው ተሸላሚ ማን እንደነበር ገምት። እሱ ነው። ስቶክ ሁለተኛ ዲቪዚዮንን ያሸነፈበት ያለፈው ጊዜ 1933 ነበር፤ በዚያም ቡድን ውስጥ ነበረ። በነገራችን ላይ ልጁ በ1962 የዊምብልደንን የወጣቶች ቴኒስ ሲያሸንፍ አባት ገና ኳስ ተጫዋች ነው።

በ1965 መጀመሪያ የሰር ማዕረግ ተሰጠው። ገና እየተጫወተ ሳለ ይህን ያገኘ ሌላ እግር ኳስ ተጫዋች የለም። በኤፕሪል የስንብት ጨዋታ ተዘጋጀለት፤ የሃንጋሪው አጥቂ ፑሽካሽና የሶቪየቱ ግብ ጠባቂ ያሺን ትከሻቸው ላይ አድርገው አስወጡት። ኋላ ላይ ምን አለ መሰለህ? ቸኩዬ ነው ያቆምኩት አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። አንዱን ብቻ፦ በ1975፣ አፓርታይድ በነገሠበት ዘመን፣ በደቡብ አፍሪካዋ ሶዌቶ የጥቁር ልጆች ቡድን አቋቁሞ ብራዚል ድረስ ወስዷቸዋል። 60 ዓመቱ ነበር። በ2000 ሲሞት 85 ሞልቶታል፤ አመዱ ስቶክ ስታዲየም መሀል ሜዳ ክቡ ስር ተቀበረ።

ጓደኞችህ «ሪከርዱ ተሰብሯል» ካሉህ እሱም እውነት ነው። ጃፓናዊው ካዙዮሺ ሚዩራ በማርች 2017 በ50 ዓመት ከ7 ቀኑ ተጫወተ፤ በሁለት ቀን በለጠው። በሳምንቱ ደግሞ ጎል አገባ። ግን በጃፓን ሁለተኛ ሊግ ነው፤ አጥቂም ነው። የማንቸስተር ዩናይትዱን የመስመር ተጫዋች ራያን ጊግስን የሚያነሳ ካለ፣ እስከ 40 ዓመቱ መጫወቱ ልክ ነው፤ ይሁንና መጨረሻ ላይ ከመስመር ወጥቶ ወደ መሀል ገብቶ ነበር። መስመሩን ሳይለቅ ያረጀው ማቲውስ ነው።

እንግዲህ አንተ። ቦታህን አትልቀቅ፤ አጨዋወትህን ለውጥ። ከጀርባ የተላከ ረጅም ኳስ ተከትለህ አትሩጥ፣ እግርህ ላይ ጠይቅ። ተከላካዩ ፊት ስትደርስ ፍጥነትህን ቀንስ፤ የኛ ሰዎች ስህተት እየሮጡ አብዶ ለመሥራት መሞከር ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ስድስት ሰባት ጊዜ አሥር አሥር ሜትር ሩጥ፣ በመሀሉ በእርምጃ ተመለስ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ሳምንታት በግማሽ ጉልበት ብቻ። በ43 ዓመት የኋላ ጭንና ባት የሚበጠሱት በድንገት ስትነሳ ነው። ስለዚህ እሁድ ጠዋት መኪና ቆልፈህ በቀጥታ ኳስ መምታት ይቅር፤ 15 ደቂቃ ሰውነትህን አሙቅ። ከዚያ በፊት ደግሞ ሐኪም ጋ ሄደህ ግፊትህንና ስኳርህን ታይ፣ ልብህንም አስመርምር። በጤና ቡድን ስም ሜዳ ላይ የወደቁ ሰዎች አውቃለሁ። ስትሮጥ ደረትህን ከያዘህ በዚያው ቁም፣ ጨዋታው ይቅር።

ኳስ ሲጠፋ ቆመህ ትጠብቃለህ ወይ የሚለው ከልጆቹ ጋር የምትነጋገሩበት ነው። ማቲውስን ሌሎቹ አሥሩ ይሮጡለት ነበር። የናንተዎቹ እሺ ካላሉህ ሻይ ጋብዛቸው።